የራስ ቅል የተሸከመችው የማር ሌባ

ነገሩ የጀመረው በድንች ነው። በጥቅምት ወር መጨረሻ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ወይራ ሰፈር በሚገኝ አንድ ግቢ አያትና የልጅ ልጅ ከጓሮ ድንች ያወጣሉ። አያት በዶማ ይቆፍራሉ፤ የስምንት ዓመቷ ልጅ ከአፈሩ የወጣውን እየለቀመች ዘንቢል ውስጥ ትከታለች። ከድንቹ መሃል አንድ እንግዳ ነገር ተንከባለለ። ቀለሙ ቡናማ ሆኖ ዘይት እንደተቀባ ያብረቀርቃል። ውፍረቱ የአዋቂ አውራ ጣት ያክላል፤ ርዝመቱም ከመሃል ጣት አያንስም። ልጅቷ ስታነሳው ጫፉ ግራና ቀኝ ተወራጨባት።

«እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው? ይንቀሳቀሳል!»

«ወዲያ ጣይው ልጄ! የእባብ ዘር ነው የሚሆነው።»

ልጅቷ ግን አልጣለችውም። ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ አፈር ጨምራ አስቀመጠችው። አፉን በቁራጭ ጨርቅ ሸፈነችና ጣሳውን ከመስኮቱ ሥር ደበቀችው። ቀን በቀን ብታየውም ምንም ለውጥ ስላልነበረው ቀስ በቀስ ረሳችው።

ከአራት ሳምንት በኋላ ቤቱ በሌላ ጭንቀት ተይዞ ነበር። የቤቱ አባወራ፣ የልጅቷ አያት፣ ሆስፒታል ሰንብተው ከተመለሱ ገና ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ጠያቂ ሲገባና ሲወጣ ውሎ ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ የልጅቷ እናት መጋረጃ ልትዘጋ እጇን ሰደደች። የአይጥ የመሰለ ጩኸት ተሰማ። ደንግጣ መብራት ስታበራ መጋረጃው ላይ የሌሊት ወፍ የሚያህል ነገር ተለጥፏል። ጠጋ ብላ አየችው። ትከሻው ላይ የሰው የራስ ቅል የመሰለ ምስል አለ፤ ሁለት የዓይን ጉድጓድ ያለው፣ ቢጫ ፊት።

በታመመ ሰው ቤት እንዲህ ያለ ነገር ሲገባ ምን እንደሚታሰብ መናገር አያስፈልግም። እማማ አማተቡ። እናት መጥረጊያ አነሳች። ልጅቷ ወደ ጣሳዋ ሮጣ ስታይ ጨርቁ ወደ ጎን ተገፍቷል፤ ቡናማው ቅርፊት ተሰንጥቆ ባዶውን ቀርቷል። «የኔ ናት! አትግደያት!» ብላ አለቀሰች። በዚህ መሃል ከመኝታ ክፍል የታማሚው ድምፅ ተሰማ።

«ምንድን ነው ጫጫታው? እስቲ አምጡልኝ ልያት።»

በሰፌድ ይዘው ወሰዱላቸው። አባባ መነጽራቸውን አድርገው ቀና ብለው አይዋትና ሳቁ። ከታመሙ ወዲህ ሲስቁ የመጀመሪያቸው ነበር። «ይቺማ የማር ሌባ ናት! ጎጃም ሳለሁ ማር ስንቆርጥ ስንት ጊዜ ከቀፎ ውስጥ ሞታ አግኝተናታል። ንቦቹ ገድለው፣ በሙጫ ሸፍነው ያስቀምጧታል። ምን አስደነገጣችሁ?»

ይህን ያወጉኝ ጎረቤቶቼ ናቸው። አባባ ትክክል ናቸው። እኛም በዚህ ሳምንት አምዳችን የዚህችን እንግዳ ነፍሳት ነገር እናውጋችሁ፤ ምናልባት ከእናንተም ጓሮ ትኖር ይሆናል።

ማን ናት?

በአማርኛችን ቀን በአበባ ላይ የሚበሩትን ቢራቢሮ እንላቸዋለን። ማታ ማታ ወደ ኩራዝና ወደ አምፖል እየመጡ የሚጋጩትን ደግሞ የእሳት እራት። ስሙ ራሱ ታሪካቸውን ይናገራል፤ መጨረሻቸው ለእሳት እራት መሆን ነው። ይህች የራስ ቅል ያለባት ከእነዚህ መካከል ጠንካራ በራሪ ከሆኑት ቤተሰብ ነች። በዓለም ላይ ከ1,400 በላይ ዝርያዎች ያሉት ይህ ቤተሰብ በሳይንስ ስፊንጊዴ ይባላል። እንግሊዞች ደግሞ ፍጥነታቸውንና ቀጠን ያለ ክንፋቸውን አይተው በጭልፊት ስም ይጠሯቸዋል።

የእኛዋ ሙሉ ሳይንሳዊ ስሟ አኬሮንቲያ አትሮፖስ ነው። መጀመሪያ ስም ያወጣላት እ.ኤ.አ. በ1758 ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ካርል ሊኔየስ ነው። መኖሪያዋ አፍሪካ ነው ማለት ይቻላል፤ ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች፣ በማዳጋስካር፣ በመካከለኛው ምሥራቅና በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ትገኛለች። ሁለት እህት ዝርያዎች አሏት፤ እነሱ የሚኖሩት እስያ ነው።

ክንፎቿ ሲዘረጉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ9 እስከ 13 ሳንቲ ሜትር ይሆናሉ። የፊት ክንፎቿ ጥቁርና ቡናማ የተቀላቀለባቸው፣ የዛፍ ልጥ የመሰሉ ናቸው። ቀን ግንድ ላይ ስታርፍ በቀላሉ አትታይም። የኋላ ክንፎቿ ግን ደማቅ ቢጫ ሆነው ጥቁር መቀነት አላቸው። ሆዷም እንደ ንብ ቢጫና ጥቁር እየተፈራረቀበት፣ መሃሉን ሰማያዊ አመድማ መስመር ያልፍበታል። የራስ ቅል የሚመስለው ምስል ያለው ከጭንቅላቷ ኋላ፣ ጀርባዋ ላይ ነው። ፀጉር በሚመስሉ ጥቃቅን ቅርፊቶች የተሠራ የቀለም ነጠብጣብ እንጂ ሌላ ነገር አይደለም። የሰው ዓይን ደመና ውስጥም፣ የሻገተ ግድግዳ ላይም ፊት መፈለግ ስለሚወድ፣ ሁለት ጥቁር ነጥብና ቢጫ መደብ ሲያገኝ ወዲያው የራስ ቅል ያደርገዋል።

ከእንቁላል እስከ ክንፍ

የሕይወቷ ዑደት እንደ ማንኛውም ቢራቢሮ አራት ደረጃ አለው። እናቲቱ እንቁላሏን በአንድ ቦታ አታከማችም፤ አንድ አንዱን ለየብቻ በቅጠል ላይ እየለጠፈች ትሄዳለች። እንቁላሉ ከ2 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ፣ አረንጓዴ ወይም ግራጫ መልክ ያለው ነው። እንደ አየሩ ሙቀት ከአንድ ሳምንት በማነስ ወይም ከዚያ ትንሽ ባለፈ ጊዜ ይፈለፈላል።

ቅጠሉን ስትመርጥ ትጠነቀቃለች። ከሁሉ በላይ የምትወደው የድንች ቤተሰብ የሆኑትን ነው፤ ድንች፣ ቲማቲም፣ ትምባሆ፣ እንዲሁም በየሜዳውና በየጥጉ የሚበቅለውን አስተናግር። የወፍ ቆሎ የምንለው ቁጥቋጦም ለልጆቿ ምግብ ይሆናል። የሚገርመው ወይራም ከምግቦቿ አንዱ ነው። ስሙን ከዛፍ ለወሰደ ሰፈር የምታንስ እንግዳ አይደለችም ማለት ነው።

ከእንቁላሉ የሚወጣው ትል ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ሥራው አንድ ነው፤ መብላት። እያደገ ሲሄድ ቆዳው ስለሚጠበው አራት ጊዜ ቆዳ ይቀይራል። ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ 12 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። አንዳንዱም ከዚያ ያልፋል። ከሁለት ሚሊ ሜትር ባነሰ እንቁላል ተነስቶ እዚህ መድረሱን ለልጆቻችሁ በማስመሪያ ብታሳዩአቸው ያስደንቃቸዋል።

የትሉ መልክ አንድ አይደለም። ቢጫ አለ፣ አረንጓዴ አለ፣ ቡናማም አለ። ቢጫውና አረንጓዴው በጎናቸው ሰባት አግድም የተጋደሙ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ መስመሮች ያሏቸው ናቸው። ሁሉም ግን አንድ የጋራ ምልክት አላቸው፤ በጭራቸው ላይ የተጠማዘዘ፣ ሸካራ ቀንድ። ይህን ቀንድ አይቶ የማይፈራ የለም። ነገር ግን አይናደፍም፣ መርዝም የለውም። ትሉ ሲነካ ጥርሱን እያንቀጫቀጨ ድምፅ ያሰማል፤ ይህም ማስፈራሪያ ብቻ ነው።

በልቶ ሲጠግብ ቀለሙ ይደበዝዛል፤ ከተክሉ ይወርድና መሬት ውስጥ ይቀበራል። ከ15 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ድረስ ወርዶ፣ አፈሩን በአካሉ እየገፋ ትንሽ ክፍል ይሠራል። እዚያ የመጨረሻ ቆዳውን አውልቆ ቡናማ፣ ጠንካራ ቅርፊት ውስጥ ይተኛል። አያትና የልጅ ልጅ ከድንቹ ጋር ያወጡት ይህን ነው። በድንች ማሳ የሚውሉ ሰዎች በዶማ የሚያወጡት ብርቱ ቡናማ ነገር ብዙ ጊዜ ይህ ሲሆን፣ አንዳንዱም የሌላ ነፍሳት ቅርፊት ይሆናል።

በቅርፊቱ ውስጥ የትሉ አካል አብዛኛው ፈርሶ እንደገና ይሠራል። እግር፣ ክንፍ፣ ትልልቅ ዓይኖች፣ ሁሉም በዚያ ጨለማ ይበጃሉ። ሙቀት ባለበት ይህ ከሦስት ሳምንት እስከ ሁለት ወር ይወስዳል፤ ብርድ ባለበት ይዘገያል። ጊዜው ሲደርስ ቅርፊቱ ይሰነጠቃል፤ እርጥብና የተኮማተረ ክንፍ ያላት ነፍሳት ትወጣለች። ወዲያው ከፍ ወዳለ ነገር ወጥታ መንጠልጠል አለባት፤ ካልተንጠለጠለች ክንፎቿ ተጣጥፈው ይደርቃሉና መብረር አትችልም። የጣሳዋ ነዋሪ መጋረጃ ላይ የወጣችው ሰው ልታስፈራ አልነበረም። ክንፏን ልታደርቅ ነበር።

ማር እንዴት ትሰርቃለች?

አብዛኞቹ የዚህ ቤተሰብ አባላት ረጅም ምላስ አላቸው፤ አበባ ፊት በአየር ላይ ቆመው የአበባ ማር ይመጥጣሉ። የእኛዋ ግን ምላሷ አጭርና ወፍራም ነው። አበባ ውስጥ ለመግባት አይመችም፤ የሰም ክዳን ለመብሳት ግን ይመቻል። ስለዚህ ሌሊት የንብ ቀፎ ትፈልጋለች። ከቀፎ ሌላ የዛፍ ጭማቂና የበሰበሰ ፍራፍሬም ትቀምሳለች።

በሺህ የሚቆጠሩ ተናዳፊዎች ባሉበት ቤት ገብቶ ማር መጠጣት ቀልድ አይደለም። ንቦች የሚተዋወቁት በመልክ ሳይሆን በሽታ ነው፤ በጨለማ ቀፎ ውስጥ መልክ ምን ይሠራል? ተመራማሪዎች የዚህችን ነፍሳት ቆዳ ሽታ ሲመረምሩ በንቦች አካል ላይ ከሚገኙት ጋር አንድ ዓይነት የሆኑ አራት የቅባት አሲዶች አገኙባት። መጠናቸው ሳይቀር ይቀራረባል። ማለትም የንብ ሽታ ለብሳ ትገባለች። በር ጠባቂዎቹ ካልነቁባት ገብታ፣ የማሩን ክፍል በስታ፣ ጠጥታ ትወጣለች። ወፍራም ቆዳዋም ከአንዳንድ ንድፊያ ይጠብቃታል።

ሁሌ ግን አይሳካላትም። ሽታዋ የተሸረበባትን ንቦቹ ከበው ይገድሏታል። ሬሳዋ ለንብ አቅም ትልቅ ስለሆነ ጎትተው ማውጣት አይችሉም። ስለዚህ ከዛፍ በሰበሰቡት ሙጫ ሸፍነው እዚያው ያደርቋታል፤ እንዳትበሰብስና ቀፎውን እንዳትበክል። አባባ በልጅነታቸው ማር ሲቆረጥ ያዩት ይህን ነበር።

ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚዋ ናት። ጠጅ ያለ ማር፣ ሠርግ ያለ ጠጅ አይታሰብም። ታዲያ ይህች ሌባ ለንብ አናቢ ስንት ታስከፍላለች ቢባል፣ አንድ ጤነኛ ቀፎ ከምትወስደው ይልቅ በጉንዳንና በሰም ትል የሚጎዳው ይበልጣል። ለንብ አናቢ የሚሆነው መፍትሔም ቀላል ነው፤ የቀፎውን በር ንብ የሚያስገባ፣ እሷን የማያስገባ አድርጎ ማጥበብ። ከኮልፌ በአምቦ መንገድ ምዕራቡን ይዞ የሄደ ሰው ሆለታ ላይ የንብ ምርምር ማዕከል ያገኛል። ስለ ቀፎ አያያዝ ለሚጠይቅ ሰው ጥሩ መነሻ ነው።

ስትነካ ለምን ትጮኻለች?

ከነፍሳት መካከል ድምፅ የሚያሰሙ ብዙ አሉ፤ ፌንጣም፣ ሲካዳም ይጮኻሉ። እነሱ ግን የሚጮኹት አካላቸውን በማፋተግ ወይም በማንቀጥቀጥ ነው። ይህች ነፍሳት ከአፏ ትጮኻለች። አየር ወደ ጉሮሮዋ ትስብና በምላሷ በኩል መልሳ ታስወጣዋለች፤ አየሩ ሲገባና ሲወጣ በጉሮሮዋ ውስጥ ያለች ትንሽ ክዳን ትርገበገባለች። አሠራሩ አኮርዲዮን ይመስላል፤ ሲዘረጋም ሲታጠፍም ድምፅ አለው። የሰማነው «የአይጥ ጩኸት» ይህ ነው። ስትያዝ ወይም ስትነካ የምታሰማው ሲሆን ሥራውም ጠላትን ማስደንገጥ ነው። በጎረቤቶቼ ቤት በደንብ ሠርቶላታል።

ከአፍሪካ እስከ አልፕስ ተራራ

በጠንካራ ክንፏ ሩቅ ትሄዳለች። በየዓመቱ ከደቡብ ተነስተው ሜዲትራኒያንን አቋርጠው እስከ ብሪታንያና እስከ ስካንዲኔቪያ የሚደርሱ አሉ። የሰሜኑን ክረምት ግን አይችሉትም።

እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመ ጥናት በጀርመን የሚገኙ ተመራማሪዎች ክብደቱ ከአንድ ግራም በታች የሆነ ማሠራጫ በ14 የራስ ቅል የእሳት እራቶች ጀርባ ላይ ለጥፈው፣ ሌሊት በአነስተኛ አውሮፕላን ተከተሏቸው። አንዳንዶቹን 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ያህል ተከትለው የአልፕስ ተራሮችን ሲያቋርጡ አይተዋል። ነፋስ ሲገፋቸው እንኳ አቅጣጫቸውን እያስተካከሉ ቀጥ ብለው ነበር የሚበሩት። አንዲት ቅጠል በልታ ያደገች፣ ከአፈር የወጣች ነፍሳት በጨለማ መንገዷን ታውቃለች።

ታዲያ መንገድ የምታውቅ ከሆነ አምፖላችን ላይ ምን አመጣት? ለረዥም ጊዜ ነፍሳት በብርሃን ይማረካሉ ሲባል ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳይቷል። ብዙ በራሪ ነፍሳት ሲበሩ ጀርባቸውን ወደ ብርሃን ያዞራሉ፤ ሌሊት ላይ ከምድር ይልቅ ሰማይ ስለሚበራ፣ ይህ ልማድ ላይና ታችን ለመለየት ይረዳቸዋል። አምፖል ሲገጥማቸው ግን ጀርባቸውን ወደ አምፖሉ እያዞሩ መውጫ አጥተው ይሽከረከራሉ። «የእሳት እራት» ያልናቸው ፍጥረቶች እሳቱን ወደውት ሳይሆን መንገዳቸው ተምታቶባቸው ነው የሚጠፉት። የማያስፈልገውን የበረንዳ መብራት ማጥፋት ለእነሱም ለቆጣሪያችሁም ደግ ነው።

ፍርሃቱ የእኛ ብቻ አይደለም

እማማ ማማተባቸው አይገርምም። ፈረንጆቹም ለዘመናት ፈርተዋታል። ስሟን ያወጡላት ራሳቸው ከሞት ታሪክ ወስደው ነው። በጥንት ግሪኮች ተረት የሰውን ዕድሜ የሚወስኑ ሦስት እህትማማቾች አሉ። አንዷ የሕይወትን ፈትል ትፈትላለች፤ ሁለተኛዋ ትለካዋለች፤ ሦስተኛዋ አትሮፖስ ትቆርጠዋለች። አኬሮን ደግሞ በሙታን አገር የሚፈስ ወንዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው «የበጎቹ ዝምታ» የተሰኘው የአሜሪካ ፊልም ማስታወቂያ ላይ በሴት አፍ ላይ ያረፈችውም ይህችው የራስ ቅል ባለቤት ነች።

እንዝርት ይዘው ያደጉ እናቶቻችን የፈትሉ ተረት ይገባቸዋል። ነገር ግን ፈትሉን የቆረጠች ነፍሳት የለችም። በታማሚ ቤት ብትገባ የታማሚውን ዕድሜ አትቀንስም፤ አትጨምርምም። ጉዳት የሚመጣው ከፍርሃቱ ነው። የታመመ ሰው የቤተሰቡን ፊት ያያል። ቤቱ ሲያንሾካሹክና ሲያማትብ ካየ፣ ስለ ራሱ የሚያስበው ከዚያ ይነሳል። ልጅም እንዲሁ ነው። አዋቂ የፈራውን ልጅ ሳይጠይቅ ይፈራል፤ የፈራውንም ለልጁ ያወርሳል።

ጓሯችሁ ካገኛችሁት

በድንች ወይም በቲማቲም ቅጠል ላይ ቀንድ ያለው ትልቅ ትል ብታገኙ የሚከተሉትን ልብ በሉ።

አንደኛ፣ አትደንግጡ። ይህ ትል ቆዳው ለስላሳ ነው፤ ፀጉር የለውም። ቆዳ የሚያሳክከውና የሚያቃጥለው ፀጉራሙ አባጨጓሬ ነው። ለልጆች ቀላል ደንብ ስጧቸው፤ ፀጉር ያለውን ትል በእጅ አትንኩ፣ ሌላውንም አዋቂ ሳይጠየቅ አታንሱ።

ሁለተኛ፣ መድኃኒት ለመርጨት አትቸኩሉ። ይህ ትል አንድ ብቻውን ብዙ ቅጠል ይበላል፤ ግን ብዛት የለውም። በጓሮ ያለ አንድ ሁለቱን በእጅ አንስቶ ሌላ ቁጥቋጦ ላይ ማስቀመጥ ይበቃል። ድንቹን ከልብ የሚጎዳው ሌላ ነው። ክንፉ ሲዘረጋ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ብዙ የማያልፍ ትንሽ ግራጫ የእሳት እራት አለ፤ የሱ ትል ቅጠሉንም ድንቹን ራሱንም ይቦረቡራል። ድንቹን በደንብ አፈር ማልበስና የተቦረቦረውን ለይቶ ማስወገድ ይረዳል።

ይህን ያነሳነው በብዙ ቤት የሚደረግ አንድ አደገኛ ነገር ስላለ ነው። ፀረ ተባይ መድኃኒት ከገበያ ይገዛና በባዶ የውሃ ፕላስቲክ ተቀድቶ ወጥ ቤት ወይም አልጋ ሥር ይቀመጣል። ልጅ ሲጠማው ፕላስቲኩን ያያል፤ ውኃ ነው ብሎ ያነሳል። ቀንድ ያለው ትል ልጅን ጎድቶ አያውቅም፤ ይህ ፕላስቲክ ግን ይገድላል። ፀረ ተባይ የግድ ካስፈለገ ከነማሸጊያው፣ ጽሑፉ ሳይፋቅ፣ ልጅ በማይደርስበት በተቆለፈ ቦታ ይቀመጥ።

ሦስተኛ፣ አስተናግር ከአጥራችሁ ሥር ካለ ለልጆች አሳዩአቸው፤ ቅጠሉም ፍሬውም መርዛማ መሆኑን ንገሯቸው። ትሉ ስለበላው ሰው ይበላዋል ማለት አይደለም።

ከልጆች ጋር ማሳደግ

ልጆቻችሁ ማየት ከፈለጉ ማሳደግ ከባድ አይደለም። ትሉን ባገኛችሁበት ተክል ቅጠል መመገብ ነው፤ ሌላ ቅጠል ላይቀበል ይችላል። ቅጠሉ በየቀኑ ትኩስ ይሁን፤ መድኃኒት ያልተረጨ። ሰፊ የካርቶን ሳጥን በቀጭን ጨርቅ ተሸፍኖ ይበቃል። ትሉ መብላት አቁሞ መቅበዝበዝ ሲጀምር አንድ ስንዝር ያህል ለስላሳ፣ ትንሽ እርጥበት ያለው አፈር በባልዲ አዘጋጁለት፤ ራሱ ይቀበራል።

ከዚያ በኋላ ትልቁ ፈተና መታገሥ ነው። በየቀኑ እየቆፈሩ ማየት ይጎዳዋል። አፈሩ ጭቃ እንዳይሆን፣ ፈጽሞም እንዳይደርቅ አልፎ አልፎ ውኃ እርጩበት። ባልዲው ውስጥ ለመንጠልጠያ የሚሆን ሸካራ እንጨት ወይም የጆንያ ቁራጭ አቁሙ። ልጆች የተገኘበትን ቀን፣ የተቀበረበትን ቀንና የወጣችበትን ቀን በደብተር ይጻፉ። ቀን መቁጠር፣ መለካት፣ መጠበቅ፣ ሁሉም እዚያ አለ። አንዳንዱ ግን አይወጣም፤ በውስጡ ሌላ ትንሽ ዝንብ ወይም ተርብ እንቁላል ጥሎበት ሊሆን ይችላል። ያም ቢሆን ለልጅ ሊነገር የሚገባ እውነት ነው።

ስትወጣ ቀኑን ትታችሁ ማታ ልቀቋት። በክንፏ አትያዟት፤ ጣት ላይ ራሷ ትወጣለች።

የወይራ ሰፈሯም እንዲሁ ነው የተለቀቀችው። ያንን ሌሊትና የማግሥቱን ቀን መጋረጃው ላይ አሳለፈች። እማማ እዚያው ክፍል ቡና አፈሉ፤ መጀመሪያ ጀርባቸውን ሰጥተዋት፣ በሁለተኛው ጀበና ዞረው እያዩዋት። ማታ አባባ በልጃቸው ተደግፈው እስከ በረንዳው ወጡ። መብራቱ ጠፋ። ልጅቷ እጇን ዘረጋች፤ ነፍሳቷ ለጥቂት ጊዜ ክንፏን አንቀጠቀጠች። «ምን ሆና ነው?» ስትል አባባ «አይዞሽ፣ ሰውነቷን እያሞቀች ነው» አሏት። እውነት ነው፤ እንደዚህ ያሉ ከባድ በራሪዎች ሰውነታቸው ካልሞቀ አይነሱም። ከዚያ ተነሳችና ከቆርቆሮው በላይ ሆና በአየር ጤና አቅጣጫ ጠፋች።

አባባ ከዚያ ወዲህ ደህና ናቸው። ደህና ያደረጓቸው መድኃኒታቸውና ሐኪማቸው ናቸው። ልጅቷ ግን ከትምህርት ቤት ስትመለስ አጠገባቸው እየተቀመጠች ቀፎ እንዴት እንደሚሠራ፣ ማር በምን ወር እንደሚቆረጥ፣ ንብ ሲናደፍ ምን እንደሚደረግ ትጠይቃቸዋለች። ያን ሁሉ እስካሁን ማንም ጠይቋቸው አያውቅም ነበር። ባዶው ቅርፊት አሁንም በወተቱ ጣሳ ውስጥ አለ።

መልካም ሰንበት።